ሁለት ቀን በሮም፦ የጎጃሜው ጎብኚ ጠባይ ሲመረመር

የአውሮፓን ከተማ በቅዳሜና እሁድ አይቶ የመጨረስ ሙያ በአገራችን ሊቃውንት እስካሁን በቅጡ አልተመረመረም። ይህ ጽሑፍ ጉድለቱን ለመሙላት የተነሣ ነው። ለምርመራው የተመረጠው ለአምስት ቀን ሥልጠና ሮም ተልኮ፣ ሁለት ቀን ለራሱ ያተረፈ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው። ናሙናው አንድ ብቻ መሆኑ እንደ ድክመት አይቆጠር። ይህን ዓይነት ሰው አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል።

በመጀመሪያ ጓዙ። ሻንጣው ሲከፈት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ተገኝቷል። የራሱ በሶው ብቻ ነው፤ ሌላው ሮም ለሚኖሩ የጎረቤት ልጆች የተላከ አደራ ነው። ልብሱ በአደራዎቹ መካከል ክፍተት በተገኘበት ተጠቅጥቋል።

ጎብኚው ጣሊያንኛ አይችልም ማለት ግን ስሕተት ነው። ጎሚስታ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ላሜራ፣ ቦምቦላ የሚሉትን ሳይማር ያውቃቸዋል፤ ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። በዚህ የቃላት ሀብት ሮም ላይ ጎማ ማስለጠፍ ይቻላል። መጸዳጃ ቤት መጠየቅ አይቻልም።

ሮም በሰባት ኮረብታዎች ላይ የተመሠረተች ከተማ እንደሆነች ይነገራል። ሰውየው ቅዳሜ ጠዋት ሰባቱንም ፈልጎ አንዱንም አላገኘም። በዚህ አይፈረድበትም። ስመ ጥሩ የካፒቶሊኖ ኮረብታ ከባሕር ወለል በላይ 50 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ትገኛለች፣ ጮቄ ደግሞ 4,000 ሜትርን ያልፋል። በጮቄ ሥር ላደገ ዓይን ካፒቶሊኖ ትልቅ የጤፍ ክምር ነው። ከአናቱ ላይ ሆኖ እናቱ ዘንድ ደውሎ የሰጠው ሪፖርት አጭር ነበር፦ «ሜዳ ነው።»

ቀጥሎ ቡና ቤት ገባ። አገር ቤት ማኪያቶ በብርጭቆ ይመጣል፤ ወተቱና ቡናው ተደራርቦ፣ አረፋው ከላይ ሆኖ፣ ወሬ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ሮም ላይ ያው ስም ያለው ነገር የወተት ነጠብጣብ ያረፈባት ትንሽ ሲኒ ናት። ቃሉም በቋንቋቸው «ነጠብጣብ ያለበት» እንደ ማለት ነው። ሰውየው ለቅምሻ የቀረበች መስላው ዋናውን ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በዚያ አገር ቡና ባንኮኒ ተደግፎ በቁም ይጠጣል፤ ወንበር ይዞ የሚጠጣ አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ይከፍላል። ሒሳቡን ወደ ብር፣ ከብር ወደ ጤፍ ኪሎ ሲመነዝረው ቆይቶ ከዚያ ወዲያ አልተቀመጠም።

ትሬቪ የተባለው ፏፏቴ ዘንድ ሕዝቡ ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ በግራ ትከሻው ላይ ሳንቲም ይወረውራል። ጎብኚው ጠበል እንደሆነ ጠየቀ። አለመሆኑ ሲነገረው ሳንቲሙን ወደ ኪሱ መለሰ።

እዚህ ላይ ከሱ በፊት የሄዱትን ማስታወስ ደንብ ነው። ጎጃሜ ጣሊያንን በሦስት ዓይነት ወጪ ጎብኝቷል። በግብዣ የሄዱት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ሲዞሩ ሮምንም አይተዋል። በትምህርት የሄደው የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው፤ ሥዕል ሊማር ወጥቶ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሮም ላይ አሳተመ። በጣሊያን መንግሥት ሙሉ ወጪ፣ ምግብና መኝታን ጨምሮ፣ የተወሰዱት ደግሞ ሐዲስ አለማየሁ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ለዓመታት በደሴት ላይ ታስረዋል። ስለ መስተንግዶው ያመሰገኑበት ጽሑፍ አልተገኘም።

እሁድ የምርመራው ዋና ግኝት ታየ። ሰውየው ከሮም ይልቅ አገሩን ይፈልግ ጀመር። በፒያሳ ቬኔዚያ አጠገብ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ዘመድ እንዳገኘ ተሳለመ። «የአፍሪካ ሠፈር» በሚባለው አካባቢ የኢትዮጵያ ጎዳናና የጣና ሐይቅ መንገድ የሚል ስም አለ፤ ከጣሊያን የወረራ ዘመን የቀረ ልማድ ነው። በጣና መንገድ ዳር ሐይቅ የለም፣ ታንኳም የለም። ቢሆንም ከጽሑፉ ሥር ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዋዜማ የኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ወደ ጨረሰበት ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሄደ። ጫማውን አውልቆ አንድ ፎቶ ተነሣ። ኮሎሲየም በዚያው ፎቶ ጥግ ላይ በግማሽ ይታያል፤ ለኮሎሲየም የተሰጠው ቦታ ይኸው ነው።

የመጨረሻው ጣቢያ ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ፊት ለፊት ነበር። ጣሊያኖች ከአክሱም ወስደው በጥቅምት 1930 ዓ.ም. የተከሉት ባለ 24 ሜትር ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር። አበበ በማራቶኑ ምሽት በአጠገቡ ሮጦ አልፏል። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ተቆራርጦ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ተተከለ። ሰውየው ይህን ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ከሁለቱ ቀን ረጅሙን ጊዜ ያሳለፈው ሐውልቱ በሌለበት ቦታ ነው።

ደብረ ማርቆስ ሲመለስ ቡና ተፈልቶ ፎቶዎቹ በየተራ ታዩ። አንዱ ላይ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ቆሟል፤ ከጣቱ በላይ ሰማይ ብቻ አለ።

«ምኑን ነው የምታሳየን?» አሉ እናቱ።

«ሐውልቱን።»

«የታለ?»

«አክሱም ነዋ!»

እናቱ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሰማዩን ደግመው አዩት። ሰውየው አክሱምን እስከ ዛሬ አላየም።