አፍሪካን ፍለጋ ወደ ዴንማርክ

የኦስሎው ሮመን ሰፈር ሐበሻ አባወራ ሊመሰገን ይገባዋል። ሰመር መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጆቹ አፍሪካን ሳያውቁ እንዳያድጉ ብሎ መኪናውን ያሳጥባል፤ ሚስቱ ዳቦ ቆሎውንና ቋንጣ ፍርፍሩን ታሰናዳለች። ከዚያ ቤተሰቡ አፍሪካን ፍለጋ ወደ ዴንማርክ ይነሳል። ከኦስሎ እስከ ላርቪክ በመኪና፣ ከላርቪክ እስከ ሂርትስሃልስ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት በቀረው የመርከብ ጉዞ፣ ከዚያም ጁትላንድን ወደ ደቡብ ሰንጥቆ እስከ ጊቭስኩድ መካነ አራዊት። የመንገድ ክፍያው፣ የቦምፔንገው፣ ካሜራ በየኬላው ፎቶ ያነሳዋል፤ እሱ ግን ለባህል የወጣ ገንዘብ አይቆጭም ባይ ነው።

ቀረብ ያለ መካነ አራዊት ጠፍቶ አይደለም። እዚያው ኖርዌይ ክርስቲያንሳን ውስጥ አለ፤ ችግሩ በእግር የሚጎበኝ መሆኑ ነው። የስዊድኑ ኮልሞርደንም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ መኪና ያስገባ ነበር። በ2011 ግን ጎብኚውን በገመድ በተንጠለጠለ ጋሪ ከላይ ማሳየት ጀመረ። በስንት ዓመት ብድር የተገዛ ቴስላ ደጅ ቆሞ እንዴት ሳፋሪ ይኬዳል? ፎቶው ላይ አንበሳው ብቻ ቢወጣ ምን ይጠቅማል?

የዚህ በገዛ መኪና የሚኬድ ሳፋሪ ሐሳብ አመንጪ ጂሚ ቺፐርፊልድ የተባለ የሰርከስ ቤተሰብ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ከባለርስቱ ከባዝ ማርኬስ ጋር ተስማምቶ ሎንግሊት በተባለው የእንግሊዝ መኳንንት ርስት ላይ አንበሶች አሰፈረ፤ ሰውም በገዛ መኪናው በመካከላቸው እየነዳ እንዲያልፍ አደረገ። ከአፍሪካ ውጭ በገዛ መኪና የሚጎበኝ የመጀመሪያው ሳፋሪ ፓርክ ነበር። አንበሳው ከፍርግርጉ ሲወጣ ሰውየው ገባበት። የቺፐርፊልድ ብልሃት ታሳሪው እስር ቤቱን ራሱ ገዝቶ፣ ኢንሹራንሱን ከፍሎ፣ ቤተሰቡን ጭኖበት እንዲመጣ ማድረጉ ነው፤ በር ላይ ደግሞ ያስከፍሉታል። ጊቭስኩድ በ1969 የአንበሳ ፓርክ ሆኖ ሲከፈት የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነበር።

አሁን አባወራው ከአንበሶቹ ግቢ ገብቷል። መስኮት መክፈት ክልክል ነው፤ በር መክፈትማ አይነሳም። ከፊት የቆመው የጀርመን ካራቫን አልንቀሳቀስ ብሏል፤ በተዘጋው መኪና ውስጥ የበርበሬውና የቅቤው ሽታ ነግሦ የኋላው መስታወት ላብ አውጥቷል። አንበሳው ተኝቷል። አንበሳ በቀን እስከ ሃያ ሰዓት የሚተኛ ፍጥረት ነውና ቤተሰቡ የመጣው በሥራ ሰዓቱ ነው ማለት ይቻላል። አባት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይኸውላችሁ ልጆች፣ የአገራችን አንበሳ!» ይላል። የአገራችን የተባለው አንበሳ አውሮፓ ተወልዶ አውሮፓ ያደገ፣ የኢሚግሬሽን ቢሮው ዩዲአይ ደጅ ሳይጠና፣ የቋንቋ ፈተና ሳይቀመጥ ኑሮውን ያደላደለ ነው። ትንሹ ልጅ አንዴ ቀና ብሎ አየውና ወደ ታብሌቱ ተመለሰ። እዚያ ያለው ቢያንስ ይሮጣል።

እንግሊዝ አገር ኖውስሊ የሚባለው ሳፋሪ ፓርክ ውስጥ ዝንጀሮዎች የዝናብ መጥረጊያ ነቅለው በመሄድ የታወቁ ናቸው። ፓርኩም ለመኪናው ለሚሳሳ ሰው ዝንጀሮዎቹን የሚያስቀር ሌላ መንገድ አዘጋጅቷል። አውሬ ለማየት ከፍሎ አውሬውን በጎን ማለፍ፤ ሳፋሪ ከዚህ በላይ ሊሠለጥን አይችልም።

ደግሞ ሮመን አውሬ የሌለበት አገር መስሎ እንዳይታይ። በረዶው ሲከብድ፣ ኤልግ የተባለው ግዙፍ አጋዘን ከሊሎማርካ ጫካ ወርዶ ሮመን ባለበት በግሩሩዳለን መኖሪያ ቤቶች መካከል ሲንጎራደድ መታየቱ ብርቅ አይደለም። ቲኬት አይጠይቅም፤ ስለዚህ ማንም ሳፋሪ አይለውም። ኤልግ ሲመጣ ልጆቹ «ግቡ! በሩን ዝጉ!» ይባላሉ። ዶቭረፊየል ተራራ ላይ ደግሞ ሞስኩስ የተባለው ጸጉራም የበረዶ አገር እንስሳ አለ። እሱን ለማየት በእግር ይወጣል፤ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ እንዳይቀርቡትም ይመከራል። ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ሰልፊ ምን ይሆናል?

ኢትዮጵያ የስሜን ተራሮችን በብሔራዊ ፓርክነት በአዋጅ የደነገገችው በዚያው ጊቭስኩድ በተከፈተበት በ1969 ነው። ዩኔስኮ በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ ሣሩን እየነጨ ሰው አጠገብ ይቀመጣል፤ በመካከል መስታወት የለም፤ ከጎብኚው ጋር ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ብቻ ይሄዳል። ዋልያም ሆነ ጭላዳ በዱር የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። አባወራው ይህን ያውቃል፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የዋልያ ሥዕል ሰቅሏል። ዛሬ የአማራ ክልል ጸጥታ አያስኬድም ቢል ልክ ነው፤ በዚህ ማንም አይወቅሰውም። ሰላም በነበረ ጊዜም ግን የአገር ቤቱ ፕሮግራም ያው ነበር፦ ከቦሌ ወደ ሰርግ፣ ከሰርግ ወደ መልስ፣ ከመልስ ወደ ክትፎ ቤት፣ ከክትፎ ቤት ወደ ቦሌ። ልጆቹ በአንድ ወር ያዩት የዱር እንስሳ ቢኖር ቢራ ጠርሙስ ላይ ያለው ነው።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እንኳ ስሜንን ያህል አይርቅም፤ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሂርትስሃልስ እስከ ጊቭስኩድ ካለው መንገድ ብዙም አይለይም። ፓርኩ የተቋቋመው ቺፐርፊልድ አንበሶቹን ሎንግሊት ባሰፈረበት በ1966 ሲሆን የጅቡቲ አስፋልት መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል። የከባድ መኪናው ሹፌር ጫቱን በጉንጩ ይዞ፣ ክንዱን በተከፈተው መስኮት አውጥቶ፣ ቀንዳሙን ሳላ ግራና ቀኝ እያየ ያልፋል። ለእሱ ግን ሳፋሪ መሄዱን እስካሁን የነገረው ሰው የለም፤ የሚያስበው ስለ ኮንቴይነሩ ነው።