ሁለቱ ባዝራዎች እና ዳኞቻቸው

ድሮ ድሮ፣ ከማሻ ደጋ እስከ ደንቆሮ ጫካ አፋፍ የሚገዙት ፈረሶች ነበሩ። ግንብ የላቸው፣ አጥር የላቸው፤ ኃይላቸው አብሮ መጋለብ ነው። አንዱ ሲያሽካካ ሌላው ከማዶ ይመልሳል። በሬው ገብስ፣ በጉ ጓሳ ይገብርላቸዋል።

አውራው ድንጉላ ሲሞት ዳማና አምባላይ የሚባሉ ባዝራዎች በየውርንጭላቸው ስም ተጣሉ።

«የአምባው ሣር የልጄ ነው።»

«ምን ሲደረግ! የልጄ ነው እንጂ።»

ዳማ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ መሬቱን በኮቴዋ እየጫረች ወደ አንበሳ ሄደች። በማግስቱ አምባላይም ሄደች። አንበሳው የሁለቱንም አቤቱታ በትዕግሥት ሰማና አምባው ላይ ወጥቶ ተኛ፤ የዳማን ውርንጭላም በመያዣነት አሰረው። አምባላይ ደስ አላት።

አንበሳው ካሰራቸው ሌሎች መካከል አንድ የአንበሳ ደቦል ነበረ። አንድ ሌሊት ሲያመልጥ ዳማ መንገድ አሳየችው። አንበሳው ቢነግሩት በቁጣ ውርንጭላዋን ገደለው።

ኋላ ዝሆን ከባሕር ማዶ መጥቶ አንበሳውን ድል ነሣ፤ አምባውንም አቃጠለ። «የማን ነበር?» ቢል ሁለቱም ባዝራዎች «የኔ!» አሉ። ዝሆኑ ጉዳዩን አጠናቅቆ ነበርና ወደ ባሕሩ ተመለሰ። እነሱ በዐመድ ላይ ሲካሰሱ ደቦሉ ጎፈር አብቅሎ፣ ኮርቻና ልጓም ይዞ መጣ።

«ያኔ መንገድ ያሳየሁህ እኔ አይደለሁም?» አለች ዳማ።

«ለዚህ እኮ ነው አንቺን የመረጥኩ፤ መንገዱን ታውቂዋለሽ» አለና ጫናት።

ተረቱ ከሜዳ የተለቀመ አይደለም፤ በወሎ የሆነ ነው። በፈረሰኞቹ የታወቀው የወሎ ገዢ ቤት በወይዘሮ ወርቂትና በወይዘሮ መስታወት ፉክክር ተከፍሎ ሳለ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላን ያዙ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. እስረኛው የሸዋው ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ ወርቂት ወደ ሸዋ አሳለፏቸው፤ ቴዎድሮስም ታስሮ የነበረውን የወርቂትን ልጅ አመዴን ገደሉ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. 44 ዝሆኖች አስከትሎ የመጣው የእንግሊዙ የናፒየር ጦር አምባውን አቃጥሎ ሲወጣ ሁለቱም ወይዛዝርት መቅደላ ይገባናል ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ምኒልክ ወደ ወሎ ገፍተው ወረ ኢሉን ከተማቸው አደረጉ።

የፈረሰኛ መንግሥት ዕጣ በሩቅ አገርም ይኸው ነው። የቮልጋው ወርቃማ ሆርድ፣ የሞንጎልና የቱርክ ፈረሰኞች መንግሥት፣ የሩሲያን መሳፍንት ከ200 ዓመት በላይ አስገበረ፤ ግብሩንም እንዲሰበስቡለት ለሞስኮ መሳፍንት አደራ ሰጠ። ገዢዎቹ የጀንጊስ ካን ዘሮች እርስ በርስ ሲከፋፈሉ የክራይሚያው ካን መንግሊ ጊራይ ከሞስኮው ኢቫን ሦስተኛ ጋር ወዳጅነት ገጠመ፤ እ.ኤ.አ. በ1502 የወርቃማው ሆርድ ቅሪት የሆነውን የዘመዶቹን ታላቅ ሆርድ ያፈረሰው ራሱ ነው። ወዳጁ አገርም ውለታ አልረሳም፤ በ1783 ሩሲያ ክራይሚያን ጠቀለለቻት።

ወንድምና እኅት ሲጣሉ ዳኛ መጥራት ነውር የለውም። ነገር ግን ከሳሽም ተከሳሽም አቤት ከማለታቸው በፊት፣ ዳኛው ምን በልቶ እንደሚያድር ቢጠይቁ ይበጃል።