ከሶፋው ጀርባ ያለው በጋ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ውስጥ ቤት የሠሩ ግንበኞች ያሰቡት ለጭሱ መውጫ እንጂ ለሰው መኖሪያ አይመስለኝም። እኛ በባንክ ዕዳ የያዝነው ቤት በየክፍሉ የከሰል ምድጃ ነበረው። ግድግዳው ድፍን ጡብ ነው፤ ብርዱን የሚያዘገይ ክፍተት እንኳ በመሃሉ የለም። የወለሉ ጣውላዎች እርስ በርስ ከተኳረፉ ቆይተዋል። መስኮቱ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚንሸራተት ስለሆነ ንፋሱ ከሁለቱም ወገን ያለ አድልዎ ይገባል። የከሰሉ ዘመን አልፎ ቦይለርና ቧንቧ ሲመጣ፣ ሥራውን የያዘው ሰው በየክፍሉ አንዳንድ ቀጭን ራዲያተር ለጥፎ ሄደ።

አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የመጡት በጥር ነው። ካፖርታቸውን አላወለቁም። ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ለካ አለማየሁን የጨረሰው ይኸው ነው» አሉ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል አለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1879 ሊድስ ላይ በ18 ዓመቱ ያረፈው በሳንባ ሕመም ነው ብዬ ታሪክ ልጠቅስ ስል፣ «ታዲያ ሳንባውን ምን ነካው?» ብለው ዘጉኝ።

ሕፃኑን ልታይ የመጣችው አዋላጅ ነርስ፣ የሕፃን ክፍል ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል አለች። ባለቤቴ ተረጎመችላቸው። አማቴ ነርሷን ከእግር እስከ ራሷ አዩና፣ «እሷ ወልዳለች?» ብለው ጠየቁ። የሚያሳዝነው የኛ ሳሎን አሥራ ስድስቱንም የሚያየው በሩቁ ነበር።

አማቴ ራዲያተር የሚያውቁት በመኪና ነው። ሚኒባሱ ዳገት ሲያያዝ ይፈላና ረዳቱ ጀሪካን አንጠልጥሎ ውሃ ፍለጋ ይሮጣል። ስለዚህ የኛን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «ውሃው ጎድሎ ይሆናል እንጂ» አሉ። ከሳቸው በፊት የመጣው ባለሙያ ይህን አልጠየቀም። እሱ «ቦይለራችሁ አንሷል፣ ትልቅ ግዙ» ብሎ ነው የሄደው፤ ዋጋውን ሲነግረን ለጊዜውም ቢሆን ሞቆን ነበር።

ውሃው በእርግጥም ጎድሏል። የቦይለሩ ግፊት መለኪያ፣ ውሃው ቀዝቃዛ እያለ፣ ከ1 እስከ 1.5 ባር ማሳየት ሲገባው መርፌዋ ከ1 በታች ተኝታለች። ራዲያተሩም ከታች ሞቆ ከላይ ቀዝቃዛ ነው፤ እንዲህ ሲሆን አናቱ ላይ አየር ታስሯል ማለት ነው። በጎኑ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቁልፏ ላላ ሲያደርጓት አየሩ እየተነፈሰ ይወጣል፤ ውሃ ጠብ ሲል ማጥበቅ፣ ከዚያም የጎደለውን መሙላት ነው። ከላይ ሞቆ ከታች የቀዘቀዘ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብረቱ ከውስጥ ሲዝግ የሚወጣው ጥቁር ዝቃጭ ታችኛውን ክፍል ይዞታልና መታጠብ አለበት። የመኝታ ቤቱ እንዲያ ነበር። ሲታጠብ የወጣውን ጥቁር ውሃ አማቴ አይተው፣ ከምንጠጣው ጋር እንደማይገናኝ እስኪያምኑኝ ድረስ ሻይ እምቢ አሉ።

አድልዎም አለ። ለቦይለሩ ቅርብ የሆነው የኮሪደሩ ራዲያተር፣ ወጥ ሲዞር ከድስቱ አጠገብ እንደተቀመጠ እንግዳ፣ ሙቁን ውሃ ቀድሞ ጠራርጎ ይወስድና ለሩቆቹ ለብ ያለው ይተርፋቸዋል። ኮሪደር ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ የሚሞቀው ጫማችን ነው። በየራዲያተሩ አንድ ጫፍ፣ በፕላስቲክ ክዳን የተሸፈነች ቫልቭ አለች፤ የቅርቡን ጠበብ፣ የሩቁን ከፈት ማድረግ ነው። ትዕግሥት ይፈጃል፣ ገንዘብ ግን አይጠይቅም።

ዋናው ጉዳይ ሶፋ ነው። አበሻ ሳሎን ሲያዘጋጅ ሶፋውን በግድግዳው ዙሪያ ይደረድርና መሃሉን ለረከቦት፣ ለልጅና ለእስክስታ ይተዋል። እንግሊዝ ደግሞ ራዲያተሩን የሚለጥፈው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ለንደን ውስጥ በገባሁበት የአበሻ ቤት ሁሉ ሞቃቱ ስፍራ ከሶፋው ጀርባ ነው። የጠፋ እርሳስና የልጅ ካልሲ የሚገኝበት ያ ጠባብ ቦታ የአፋርን አየር ሲያገኝ፣ ሶፋው ላይ የተቀመጠው ሰው ጋቢ ይደርባል። የራዲያተር ሙቀት አብዛኛው የሚደርሰን በአየር ዝውውር ነው፤ ቀዝቃዛው ከሥር ገብቶ፣ ሞቆ በላይ መውጣት አለበት። በዚያ ላይ መጋረጃችን እስከ ወለል ይወርዳል። ራዲያተሩ መስኮት ሥር ስለሆነ፣ ማታ መጋረጃው ሲዘጋ ሙቀቱ ከመስታወቱ ጋር ብቻውን ይቀርና ወደ ጎዳናው ይሄዳል።

መጋረጃውን ማሳጠር፣ ሶፋውን አንድ ክንድ ማራቅ ለወሬ ቀላል ነው። ባለቤቴ ግን፣ «ሶፋ ሳሎን መሃል? ሆቴል ነው እንዴ?» አለች። ያሸማገሉን አማቴ ናቸው። ከሶፋው ጀርባ እጃቸውን ሰደዱና ሙቀቱ ሲነካቸው፣ «አንቺ፣ እዚህ በጋ ደብቃችሁ ነው እኔን በብርድ የምትፈጁኝ?» አሉ። ሶፋው በዚያው ማታ ተነሣ።

በንፋስ ጉዳይ ደግሞ የሚተካከላቸው የለም። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ እንኳ መስኮት የሚከፍት ሰው «ዝጋው፣ ንፋስ ታስመታናለህ» ይባላል። ይህ ጠባያችን ለንደን ላይ ትልቅ ሙያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ራዲያተር አነሰ የሚባለው ከቤቱ የሚወጣው ሙቀት እሱ ከሚሰጠው ሲበልጥ ነው፤ መውጫውን የዘጋ ሰው ራዲያተር ያስረዘመ ያህል ነው። አማቴ በየበሩ ሥር ጨርቅ ጠቅልለው አስተኙ። የጣውላውን ክፍተት በጣታቸው እየጠቆሙ አስደፈኑኝ። እሳት የማይነድበትን ምድጃ የጭስ መውጫ በትራስ ወተፉ። የደብዳቤ ማስገቢያውን ስለደፈኑት ፖስተኛው በር ማንኳኳት ጀመረ። አንድ ነገር ብቻ ተማጽኜ አስቀረሁ፤ በዚያ በታፈነ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ ማደርን። እሱ ስንት ቤተሰብ ተኝቶ እንዲቀር እንዳደረገ እሳቸውም ያውቃሉ።

ያም ሆኖ ሳሎኑ አሥራ ስምንት ላይ ቆመ፤ ለነርሷ ይበቃል፣ ለአማቴ ግን አይበቃም። እንደኛዋ 60 ሳንቲሜትር ቁመት፣ 1 ሜትር ርዝመት ያላት ባለ አንድ ገጽ፣ ከኋላዋም አንድ ረድፍ የታጠፈ ቆርቆሮ ያላት ራዲያተር 1000 ዋት ገደማ ትሰጣለች፤ ያውም በውስጧ ያለው ውሃ ከክፍሉ በ50 ዲግሪ ሲበልጥ ነው። ልዩነቱ 30 ሲሆን የሚቀረው ግማሽ ያህሉ ነው። ቦይለሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን የዘመኑ ቦይለር ጋዝ የሚቆጥበው ተመላሹ ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። ትልቅ ቦይለርም ያንኑ ሙቀት በዚያችው ትንሽ ራዲያተር ሊያሳልፍ ነውና ለሻጩ እንጂ ለኛ አይሞቅም። በዚያው ቁመትና ርዝመት ሁለት ገጽ፣ በመሃላቸውም ሁለት ረድፍ የታጠፈ ቆርቆሮ ያለው ዓይነት ግን 1700 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ የሚጨምረው ውፍረቱ ነው። እሱን አዘዝን።

እስኪመጣ ያቆየን አራስ ጠያቂ ነው። ተቀምጦ የሚያወራ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ከሰውነቱ ይለቃል። አሥር ሰው ገንፎ ሊበላ ሲመጣ ያለ ጋዝ ሂሳብ አንድ ራዲያተር ተጨመረ ማለት ነው፤ ያውም ከሶፋው ፊት እንጂ ከጀርባው ያልሆነ። እሑድ ካፖርት ይወልቅ የነበረበት ሳሎን ማክሰኞ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ባለቤቴ «ማክሰኞም ሰው እንጥራ» ብላ ስትቀልድ አማቴ ከምራቸው ስልክ አነሡ።

ድርቡ ራዲያተር በየካቲት ገባ። ሠራተኛው እንደወጣ አማቴን አስቀምጬ አስረዳሁ፤ ከላዩ ምንም አይደረግበት፣ ከፊቱ አይከለል፣ አየር ይዙርበት። በጥሞና ሰሙኝ። «እሺ ልጄ፣ ገብቶኛል» አሉ። ከሥራ ስመለስ የሕፃኑ ልብስ፣ ሁለት ነጠላና አንድ አንሶላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰጥቶበታል።

«እማማ፣ ተነጋግረን አልነበር?»

«ተነጋግረናል። ፀሐይ አምጣልኝና ደጅ አሰጣዋለሁ።»