ዘራፍ ብሎ የሚቀር

እኔ ጠብ አልወድም። ጠብ እንጀራው የሆነ፣ ሁለት ሜትር ቁመትና ከኩንታል በላይ ክብደት ያለው ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ «ዘራፍ» ሲል ከርሞ በቀጠሮው ቀን ሲቀር ያንገበግበኛል። ፎካሪ ከሆንክ ናልን! ካልመጣህ ደግሞ ዝም በልና እኛም እንተኛበት!

እዚህ ጠዳ፣ ከአዘዞ አለፍ ብሎ በባሕር ዳሩ መንገድ፣ ጎረምሳው ሁሉ ሻይ ቤት ተኮልኩሎ አንዲት ስልክ ለስድስት ይከባል። «ምንድን ነው?» ስላቸው «ቡጢ ነው፣ አባባ» ይሉኛል። ጠጋ ብዬ ሳይ ቡጢ የለም። ሁለት ጎልማሶች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በማይክ ይሰዳደባሉ። ልጆቹም ለሁለት ተከፍለው ማን ማንን ፈራ፣ ማን ማንን ሸሸ እያሉ ሻያቸው እስኪበርድ ይጨቃጨቃሉ። ከባድ ሚዛን ነው ይሉኛል። ክብደቱስ አለ፤ መነሳቱ ነው የጠፋው።

በኛ አገር ፉከራ ዕዳ ነበር። በድግስ መሀል ተነስቶ የፎከረን ሰው ሀገር ሰምቶታል፤ ኋላ ቢያፈገፍግ አማቾቹ ሳይቀሩ ይዘባበቱበታል፤ ጠላ ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። የፈረንጆቹ ፉከራ ግን ይከፈልበታል። ተፎከረ ተብሎ ብር፣ ተጋጠሙ ተብሎ ብር፣ ሊጋጠሙ ነበር ተብሎም ብር። እንዲህ ከሆነማ ማን ሞኝ ነው ጥርሱን የሚያስወልቅ?

ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራላችኋለሁ፤ ጥፋቱም የነሱው ነውና። በ2015 ታይሰን ፉሪ የሚባለው እንግሊዛዊ ከቭላድሚር ክሊችኮ ጋር ሊጋጠም መግለጫ በተጠራበት ቀን የሌሊት ወፍ ልብስ ለብሶ፣ ጭምብል አጥልቆ ገባ። የሌሊት ወፍ! ጀግና የአንበሳ ጎፈር ሲደፋ ባየሁበት ዓይኔ! ይሁን፣ ሰውየው በኅዳር ዱሰልዶርፍ ድረስ ሄዶ ለዓመታት ያልተደፈረውን ክሊችኮን በነጥብ አሸነፈ፤ አልክድም። ከዚያስ? የመልሱ ግጥሚያ በ2016 ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ሁለት ጊዜ ተሰረዘ። አንዴ ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው፤ አንዴ ታመመ። ሕመሙ የመንፈስ ጭንቀት እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ በዚህ አልቀልድም፣ ሕመም የማንንም ደጅ ያንኳኳል። በቁርጭምጭሚቱ ግን እቀልዳለሁ።

ልጆቹን የሚያጣላቸው ዋናው ነገር ግን የፉሪና የአንቶኒ ጆሹዋ ነው። ሁለቱም እንግሊዛውያን፣ ያኔ ሁለቱም ባለ ቀበቶ ነበሩ። በ2021 ነሐሴ ሳውዲ ላይ ይገናኛሉ ተባለ፤ ቀኑን ያወጀው ፉሪ ራሱ ነበር። ባወጀ ማግስት አሜሪካ ያለ ዳኛ «አስቀድሞ ከዲዮንቴ ዋይልደር ጋር ሦስተኛ ጊዜ የመጋጠም ውል አለበት» ብሎ ፈረደ። በመስከረም ጆሹዋ በኦሌክሳንደር ኡሲክ ተረታ፤ በጥቅምት ፉሪ ዋይልደርን በ11ኛው ዙር ዘረረው፤ የሁለቱ ቀጠሮ ሜዳ ላይ ቀረ። በ2022 ደግሞ ፉሪ «እስከዚህ ቀን ፈርም» ብሎ ገደብ ቆረጠ፤ ገደቡ አለፈ፤ ሌላ ገደብ መጣ፤ እሱም አለፈ። ከዚያ በኋላ የጆሹዋ ወገን «ፉሪ ፈሪ» ይላል፤ የፉሪ ወገን «ጆሹዋ ፈሪ» ይላል። ሁለቱም ልክ ይሆኑ እንደሆነ ብዬ ብጠይቅ ሁለቱም ወገን አብሮ ዞረብኝ። የተስማሙበት ቀን ያ ብቻ ነው።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ የፍጻሜ ግጥሚያ ሌኖክስ ሉዊስ ሪዲክ ቦውን በሁለተኛው ዙር አስቁሞት ነበር። (እኛ ሴኡል አልሄድንም፤ በ1976፣ በ1984 እና በ1988 የቀረነው ቡጢኞቻችን ፈርተው ሳይሆን መንግሥት ቅሩ ስላላቸው ነው፤ ይህ በሽሽት አይቆጠርም።) በ1992 ቦው የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ከደጁ የቆመው ተጋጣሚ ያው ሉዊስ ሆነ። ቦው ምን አደረገ? በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ለንደን መጥቶ፣ ጋዜጠኛ ሰብስቦ፣ የደብልዩ ቢ ሲን ቀበቶ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለው! ሉዊስን ከሚገጥም ቀበቶውን ቆሻሻ ይብላው። በባለሙያነት ዘመናቸው ሳይገናኙ ሁለቱም ጡረታ ወጡ።

ከዚህ የሚብስም አለ። በ1996 ሉዊስ ከማይክ ታይሰን ጋር መጋጠም የሚገባው ተራኛ ነበር። አራት ሚሊዮን ዶላር ተከፈለውና ዘወር አለ፤ ታይሰንም ሌላ ሰው ገጠመ። ላለመጋጠም አራት ሚሊዮን ዶላር! እኛ ስንት ዘመን ዋርካ ሥር ተቀምጠን ጠበኛን ከጠበኛ ስናላቅቅ ማን ሳንቲም ሰጠን? ሽማግሌ አንድ ብርሌ ጠጅ ቢቀዳለት ነው። ሁለቱ ጎረምሶች በመጨረሻ ሜምፊስ ላይ ሲገናኙ ዘመኑ 2002 ሆኖ ነበር፤ ሉዊስ በስምንተኛው ዙር ዘረረው። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ከ35 ዓመት በላይ ነበሩ። ጎመን በጊዜው ካልተበላ ምን ይሆናል?

ያለመጋጠም ምክንያት የተቀበልኩት አንድ ብቻ ነው። ሁለቱ የክሊችኮ ወንድማማቾች ቀበቶዎቹን ሁሉ በአንድ ቤት ሰብስበው ሳለ እርስ በርሳቸው አልተጋጠሙም፤ ለእናታቸው ቃል ገብተው ነበርና። ይህ ይገባኛል።

መሐመድ አሊ ግን ሌላ ነው። እሱም አፈኛ ነበር፤ ከነዚህ ሁሉ የባሰ አፈኛ። ነገር ግን አፉ የተበደረውን እጁ ይከፍል ነበር። ጆ ፍሬዘርን ሦስት ጊዜ ገጠመው፤ ኒው ዮርክ ሁለቴ፣ ማኒላ አንዴ፤ ሲደመር 41 ዙር። በመጀመሪያው ተሸነፈ፤ ተሸንፎም ተመለሰበት። በ1974 ጥቅምት ማለቂያ ኪንሻሳ ላይ ከጆርጅ ፎርማን ጋር ሲገናኝ ፎርማን ያልተሸነፈ የ25 ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ መሬት ያስነካ። አሊ 32 ዓመት ሆኖታል። ያን ሰሞን እኛ ጋ ጃንሆይ ከወረዱ ሁለት ወር አልሞላቸውም፤ ሬዲዮ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚያቆመው ለደርግ ነበር። እኔ ለአሊ ነበር። በስምንተኛው ዙር ፎርማን ወደቀ። በዚያ ዓመት ከወደቀው ሁሉ ያለ ሐሳብ የተደሰትኩት በእሱ ነው።

አሁን ደግሞ አራት ቀበቶ አመጡ። ደብልዩ ቢ ኤ፣ ደብልዩ ቢ ሲ፣ አይ ቢ ኤፍ፣ ደብልዩ ቢ ኦ፤ አራት ድርጅት፣ ለየራሱ ሻምፒዮን። ልጆቹ ይህን ሲያስረዱኝ እንደ ሊቅ ያደርጋቸዋል። ለጎንደር ሰው ይህ ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ዘመነ መሳፍንት ነዋ! ደብረ ታቦር ላይ ራስ አሊ፣ ሰሜንና ትግሬ ላይ ደጃች ውቤ፣ ጎጃም ላይ ደጃች ጎሹ። ጎንደር ቤተ መንግሥት ደግሞ ስሙ ንጉሠ ነገሥት የሆነ፣ የሚያዘው ሰው ያጣ ምስኪን ተቀምጧል። ሁሉም ባለ ቀበቶ፤ ሁሉም ሌላውን በሩቁ ይለካል።

ካሳ ኃይሉ፣ አባ ታጠቅ፣ ከቋራ ተነሳ። በዛሬ ሕግ ቢሆን «ደረጃህ አልደረሰም፤ መጀመሪያ ከአሥራ አምስተኛው ጋር ተጋጠም» ይሉት ነበር። ያኔ ግን ቢሮ አልነበረም። በኛ አቆጣጠር በ1845 ጉር አምባ ላይ ደጃች ጎሹን ገጥሞ ጣለ። በዚያው ዓመት ራስ አሊ የሰደዱበትን ጦር ጣቁሳ ላይ መታ፤ በሰኔ አይሻል ላይ ራስ አሊን ራሳቸውን። በ1847 ወደ ሰሜን ወጥቶ ደረስጌ ላይ ደጃች ውቤን ያዘ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰናዷት በዚያችው በደረስጌ ማርያም፣ ባላጋራው ባዘጋጀው ዕቃ፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ይህን ነው ቀበቶ መጠቅለል የምለው። ስለ መግለጫውም ላንሳ፤ ከጉር አምባ በፊት የደጃች ጎሹ አዝማሪ ካሳን በግጥም አዋርዶት ነበር ይባላል። ከድሉ በኋላ አዝማሪው ተይዞ ቀረበ፤ የደረሰበትንም ልጆች ባሉበት አልናገርም። ያኔ ምላስ አደገኛ ሙያ ነበር። ዛሬ ግን የሚሰድበውም የሚሰደበውም በአንድ አውሮፕላን ይመለሳሉ።

ዩክሬናዊው ኡሲክ የካሳ ዓይነት ነው፤ ለእሱ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እሱም ከታች ሚዛን ነው የወጣው። እዚያ ያለውን ቀበቶ ሁሉ ጠቅልሎ፣ ከእሱ የሚገዝፉትን ፍለጋ መጣ። ጆሹዋን ለንደን ረታው፣ ጅዳ ላይ ደገመው፤ በግንቦት 2024 ሪያድ ላይ ፉሪን በነጥብ አሸንፎ በከባድ ሚዛን አራቱንም ቀበቶ በአንድ ወገብ የታጠቀ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በታኅሣሥም ፉሪን ደገመው። ግን ይህ አንድነት ስንት ቀን ቆየ መሰላችሁ? ከወር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በሰኔ፣ የአይ ቢ ኤፍን ቀበቶ አስረከበ። «ግዴታ ተጋጣሚ አለህ፣ ከፉሪ ጋር የምትደግመው አይቆጠርልህም» የሚል ደንብ አለና። ቀበቶው ሳይጋጠሙ ለዳንኤል ዱቧ ተሰጠ፤ ኡሲክም በሐምሌ 2025 ዌምብሌይ ላይ ዱቧን በአምስተኛው ዙር ዘርሮ የራሱን ንብረት እንደገና ሊወስድ ግድ ሆነበት። አስቡት እስቲ፤ ቴዎድሮስ በነገሡ በወራቸው አንድ ጸሐፊ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ «ግርማዊ ሆይ፣ በደንቡ መሠረት ሰሜንን ይመልሱ» ሲላቸው! ያ ጸሐፊ ወደ ቤቱ የሚመለስ ይመስላችኋል?

ይህን ሁሉ ስል አንዱ ቀጭን ልጅ «የኛዎቹስ፣ አባባ? መሠረትና ጥሩነሽ አይሸሻሹም ነበር?» አለኝ። ደሜ ፈላ። መሠረት ደፋርና ጥሩነሽ ዲባባ በአምስት ሺህ ሜትር አቴንስ ላይ በ2004 ተገናኙ፤ መሠረት ወርቅ፣ ጥሩነሽ ነሐስ። በ2005 ሄልሲንኪ፤ ጥሩነሽ ወርቅ፣ መሠረት ብር። በ2008 ቤጂንግ፤ ጥሩነሽ ወርቅ፣ መሠረት ነሐስ፣ ኋላም ወደ ብር ከፍ ያለላት። በ2012 ለንደን፤ መሠረት ወርቅ፣ ጥሩነሽ ነሐስ። የዓለም ክብረ ወሰኑንም ተቀባብለውታል፤ መሠረት በ2007 ኦስሎ ላይ 14:16.63 ስትሮጥ፣ ጥሩነሽ በዓመቱ እዚያው ኦስሎ 14:11.15 ሮጠች። ሽሽት ይህ ከሆነ እኔም ልሽሽ! እርግጥ ኦሳካና ሞስኮ ላይ አንዷ አምስት ሺውን፣ አንዷ አሥር ሺውን ወስደው ሁለቱም በወርቅ ተመለሱ። ያኔ እኔም ትንሽ አጉረምርሜያለሁ፤ ሰርግ ቤት ሁለት ሙሽራ በሁለት በር ሲገባ ማን ደስ ይለዋል? ግን ከሞስኮ በኋላ በዚያው ነሐሴ ዙሪክ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ፤ መሠረት ቀደመች። ስለ ኃይሌስ ልንገርህ? በ2004 ተረከዙ ታሞ፣ ቀነኒሳ እንደሚቀድመው እያወቀ አቴንስ ላይ ቆሞ ሮጠ፤ አምስተኛ ወጣ። ቁርጭምጭሚቴ አላለም።

ልጁ ዝም አለ። ዝም ያለው ግን ለሌላ ነው፤ ቀና ብሎ «እርስዎስ ከመምህሩ ጋር ዳማ የማይጋጠሙት ለምንድን ነው ታዲያ?» አለኝ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የዛሬ ልጅ ይህ ነው፤ የማይገናኘውን ያገናኛል።

ጡረተኛው መምህር ከሰንበት ሰንበት ሰፈሩን እየዞረ «ሸሸኝ» እንደሚል ሰምቻለሁ። እኔ ማንንም አልሸሸሁም። አንደኛ፣ ባለፈው ስንጋጠም ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው የገዛ አማቹ ነው። ሁለተኛ፣ ከእሱ በፊት ቃል የገባሁለት ሰው አለ፤ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ። ዘበኛው ዳማ የለመደው በቅርቡ ቢሆንም ተራ ተራ ነው። ሦስተኛ፣ ሰሞኑን ቁርጭምጭሚቴን ያመኛል። ልጁ «ዳማ በእጅ ነው እንጂ በእግር ነው እንዴ?» ይለኛል። እዚያ የሚያደርሰኝ ታዲያ እጄ ነው?

ለማንኛውም፣ ሽማግሌ ተልኮብኝ ቁርጥ መልሴን ሰጥቻለሁ። ከፋሲካ በኋላ እንጋጠማለን፤ ጾም ላይ ሆድ ባዶ ሆኖ አይታሰብም። ገበታው የኔ ይሆናል። ፀሐይዋ ከጀርባዬ ትሁን። ብሸነፍ የመልስ ግጥሚያ አለኝ፤ ቢሸነፍ የለውም። የተገለበጠውን ቆርኪ የምይዘው እኔ ነኝ፤ የሻዩንም ሒሳብ የሚከፍለው ፈተና የጀመረው ነው።