ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለ በግ ተራ

«ሰርቨርህ ፋራ ነው!» አለኝ የሰፈሬ ልጅ፣ ሃርድ ዲስኩን በብብቱ ሸጉጦ ገና በሩን ሳያልፍ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጄሊፊን የተባለውን የፊልም ሰርቨር ፕሮግራም ጭኜ ለቤተሰብ ፊልም ማሳየት ከጀመርኩ ወዲህ ቤቴ ፊልም ማስጫኛ ሆኗል።

«ምን አጠፋ?»

«የያሬድ ዘለቀን ላምብ ጫንኩበት። ኤፍሬምና በጉ ቹኒ ይመጣሉ ስል፣ ግማሽ ሰው ግማሽ በግ ሕፃን ያለበትን የአይስላንድ ፊልም ፖስተር ለጠፈበት። እናቴ አይታው አማተበች!»

«ያ እኮ የ2021ዱ ላምብ ነው። አንተ ፋይሉን ምን ብለህ ጠራኸው?»

«ላምብ።»

«በግ ተራ ሄደህ ‹በግ› ብለህ ብትጮህ የማንን ይስጡህ? ላቱን ትዳስሳለህ፣ ጥርሱን ታያለህ። የፊልም ጥርሱ ዓመቱ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ ጻፍለት። ለእያንዳንዱም የራሱን ፎልደር ስጠው።»

«ለ400 ፊልም 400 ቤት?»

«ደባል አይወድማ!»

በማግስቱ ተመለሰ። አየሁት፦ ላምብ (2007)።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ካን ፌስቲቫል ላይ የታየው ግንቦት 2007 አይደል? በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም፣ በፈረንጅ ዓመት ልጥራው?»

«ፊልሙ የኛ ነው፤ ፖስተሩና ታሪኩ የሚመጣው ግን ቲኤምዲቢ ከሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ነው። እዚያ ጳጉሜን የሚያውቅ የለም። 2015 በል።»

«ዘመኔን አልሸጥም!»

«ለ3 ሰዓት ተቀጥረህ 9 ሰዓት የምትመጣ ሰው፣ ዛሬ ነው የዘመን ጠበቃ የሆንከው?»

ሳቀና 2015 ብሎ ጻፈ። ችግሩ፣ አሜሪካኖችም በዚያው ዓመት ላምብ የሚባል ፊልም ሠርተዋል።

«ምን ነክቷቸው ነው ሁሉም በግ የሚያረቡት?»

«በቻይኖች አቆጣጠር የበግ ዓመት ነበር።» (እውነቴን ነው፣ ነበር።) «አሁን የቲኤምዲቢ መለያ ቁጥሩን በማዕዘን ቅንፍ ጨምርበት። እያንዳንዱ ፊልም የራሱ ቁጥር አለው።»

«ፋይዳ በለኛ!»

«ያለ አሻራ።»

እሱ ቁጥሩን ሲፈልግ እኔ ሃርድ ዲስኩን ጎበኘሁ። «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር 2»፣ «ምርጥ»፣ «የምር ምርጥ»። «ምርጥ» ውስጥ ያለውን አልነግራችሁም፤ «የምር ምርጥ» ግን ባዶ ነበር። መጨረሻ ላይ «አይነካም» የሚል አገኘሁ። ልከፍተው ስል እጄን ያዘኝ።

«ተው! የሰርጌ ቪዲዮ ነው።»

«ታዲያ እሱንም በወጉ ሰይመው እንጂ። ሰርግ፣ ቅንፍ፣ ዓመት።»

ዝም አለ።

«ምነው? በኛም በፈረንጅም ይሁንልህ፣ ፈቅጃለሁ።»

«ዓመቱ ጠፋኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷን ደግሞ እንዳትጠይቅብኝ።»