እኛ አንሽርም

ፍራንክፈርት መሃል፣ ከሮመርበርግ አደባባይ አጠገብ፣ ፓውልስኪርሸ የሚባል ሞላላ ቀይ ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1848 ከየጀርመን ግዛቱ የተመረጡ እንደራሴዎች እዚያ ተቀምጠው የሐሳብ፣ የሃይማኖትና የኅሊና ነፃነት የሕዝብ መብት ነው ብለው ደነገጉ። ሦስት ዓመት አልሞላውም። በነሐሴ 1851 የመሳፍንቱ ጉባኤ እዚያው ፍራንክፈርት ተሰብስቦ መብቶቹን ሻረ። ያውም በጽሑፍ!

የዋሆች ነበሩ። መብት ለመንፈግ መጀመሪያ መሻር ያለበት ይመስላቸው ነበር። ያን ጊዜ አንድ የእኛ አማካሪ ቢያገኙ ኖሮ ያ ሁሉ ቀለም ባልባከነ። የእኛ ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ሃይማኖትን የሚጠብቀው አንቀጽ 27፣ ሐሳብን የሚጠብቀው አንቀጽ 29 አንዲት ፊደል አልተፋቀባቸውም። በ2004 ዓ.ም. ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ሲፈረድበት አንቀጽ 29 በቦታው ነበር። በሚያዝያ 2006 የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ሲታፈሱም ነበር። ልጆቹ ስሙን ያወጡት፣ ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው እኛ ያለንበት ውጭው ነው ብለው ነው፤ መንግሥትም ነገሩን በቦታው ሄደው እንዲያጣሩ ዕድል ሰጣቸው። በ2010 ዘመን ተለወጠ ተባለ፤ በግንቦት 2014 ጋዜጠኛው ተመስገን ደሳለኝ ሲታሰር አንቀጹ አሁንም ጤንነቱ እንደተጠበቀ ነው።

ደግሞ ማክበራችን ጥልቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ ቅድመ ምርመራን ስለከለከለ ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት ማንም አይነካውም። ምርመራው ከታተመ በኋላ ማዕከላዊ እስር ቤት ነበር የሚደረገው፤ ማዕከላዊ ሲዘጋም ክፍል አልጠፋም።

ሰልፍማ አይነሳ። ፍራንክፈርት ሰልፍ የሚጠራ ሰው ጥሪውን ከማሰማቱ 48 ሰዓት በፊት ለከተማው ያሳውቃል። በ1983 ዓ.ም. የወጣው የእኛ አዋጅ ቁጥር 3ም ያንኑ 48 ሰዓት ይላል፤ ከጀርመን የምናንስበት ነገር የለም። ልዩነቷ ትንሽ ናት። ፍራንክፈርት አሳውቀህ ትወጣለህ፤ አገር ቤት አሳውቀህ «ዕውቅና» ትጠብቃለህ። መልሱም ለአንተው የታሰበ ነው፦ የጸጥታ ኃይሉ ሌላ ሥራ ላይ ስለሆነ ጥበቃ ሊያደርግልህ አይችልም። ዕውቅና ሳታገኝ ከወጣህ ግን ኃይሉ ከየትም ተፈልጎ ይገኝልሃል።

ይህ ጥበብ አገር ቤት ብቻ ቢቀር ያሳዝን ነበር። ደግነቱ ፍራንክፈርት ያለን አበሾች ከሻንጣችን ጋር ይዘነው መጥተናል። ቅዳሜ የጀርመን ፖሊስ መንገድ ዘግቶልን «የሐሳብ ነፃነት ይከበር!» ስንል እንውላለን። ማታ አዳራሽ እንገባለን። አንዱ ከኋላ ወንበር ይነሳና «ይቅርታ፣ እኔ በሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ…» ይላል።

«ማን ልኮህ ነው?» ይላል ፊት የተቀመጠው።

«ካድሬ!» ከወዲህ፣ «ባንዳ!» ከወዲያ። አንዲት እኅት በስልኳ ታነሳዋለች፤ ሻይ ሳይቀርብ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይውላል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻውን ሲናገር የቆየው መድረክ መሪ «ወንድሜ፣ ሰዓት ተጣቧል» ብሎ ማይክሮፎኑን ይቀበለዋል። ከዚያ አንቀጽ 29 ያለ ምንም ገደብ እንዲከበር የሚጠይቀው የአቋም መግለጫ ይነበብና በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተዓቅቦም የለም፤ ሰውየው በር ላይ ጃኬቱን እየፈለገ ነው።