የላስታ ገፊዎች፦ ስለ ብስክሌት፣ ስለ ዳገትና ስለ ተንጠልጣዮች የቀረበ ጥናት

ብስክሌት በላስታ ያለው ስርጭት እጅግ የሳሳ ነው። ባሕር ዳር ላይ በየጎዳናው የሚርመሰመሰው ይህ ፍጡር ወደ ምሥራቅ ባቀና ቁጥር እየመነመነ ይሄዳል። ጋሸና ሲደርስ ብርቅ ይሆናል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ላይ ከተገኘ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚገኘው፤ አጠገቡም አንድ ሰው ወገቡን ይዞ ሽቅብ ያያል። ይህ ጥናት የሚያተኩረው በዚያ ሰውና ከኋላው በሚሰበሰቡት ላይ ነው።

ብስክሌት እዚህ በመሳሳቱ ጥፋቱ የአገሪቱ አለመሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልን። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቿ ጎን ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ጥፋቱ የመሬት እጥረትም አይደለም፤ ላስታ ላይ መሬቱ ተርፎ ተቆልሏል። የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አውሮፕላን ማረፊያዋ ሜዳ ፍለጋ ከ2,000 ሜትር በታች ወርዷል። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ሆኖ ሁለቱንም ይታዘባል።

በመስኩ ከቀደሙን ሁሉ የምናከብራት አየርላንዳዊቷን ደርቭላ መርፊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአገሯ ተነስታ ሕንድ ድረስ በብስክሌት የሄደች፣ በረዶም ተራራም ያልመለሳት ሴት ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያን ሰሜን ልታቋርጥ ስትመጣ ግን በብስክሌት አልመጣችም፤ በቅሎ አስከትላ በእግሯ ሄደች። ላሊበላንም ያየችው እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው መጽሐፏ በቅሎዋን በርዕሱ ላይ አስፍሯታል። በዚህ ዘርፍ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ አላገኘንም፤ ከዚህ የጠነከረ ምክርም እንዲሁ። ምክሩን አለመስማታችን ይህን ጥናት ወለደ።

ከሌላው ዓለም ጋር ማነጻጸር የምሁር ወግ ነውና ባጭሩ እናነጻጽር። በጣሊያን አልፕስ ስቴልቪዮ የሚባል መተላለፊያ አለ፤ ከፍታው 2,757 ሜትር ነው፤ በዓለም ያሉ ብስክሌተኞች እዚያ ደርሰው ፎቶ ለመነሳት ዓመት ሙሉ ይለማመዳሉ። ላስታ ውስጥ በዚያ ከፍታ ገበሬ ገብስ ይዘራል፤ ልጁም ጠዋት ትምህርት ቤት ይወርዳል፣ ከሰዓት ይወጣል፣ ማንም ፎቶ አያነሳውም። ስፔኖች በበኩላቸው ባቡር የተዋቸውን መስመሮች ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የእግረኛና የብስክሌት «አረንጓዴ ጎዳና» አድርገዋቸዋል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ ጎዳናው ለጥ ያለ ነው። ላስታን ግን ባቡር ገብቶባት አያውቅምና ሊተዋትም አልቻለም። አረንጓዴ ጎዳና የላትም ማለት ግን አይደለም፤ ክረምት ሲገባ መሃል ለመሃል ሣር የሚያበቅል የበቅሎ መንገድ ሞልቷል።

ዳገትን በመቶኛ መለካት የተለመደ ነው። እኛ ግን መቶኛውን ትተን ከብስክሌተኛው አፍ በሚወጣው ነገር መድበነዋል። የመጀመሪያው የወሬ ዳገት ነው፤ ስለ ጤፍ ዋጋ እያወሩ ሊወጡት ይቻላል። ላስታ ውስጥ ብዙም ስለሌለ አንቆይበትም። ሁለተኛው የሰላምታ ዳገት ነው፤ ሰላም ላሉህ ከመመለስ በቀር ሌላ ቃል አያስተነፍስም። ችግሩም እዚህ ይጀምራል። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ የላስታ ሰላምታ ግን ቅናሽ አያውቅም። ከብት ጠባቂው «እንዴት ዋልክ?» ይላል። «ደህና ነህ ወይ?» ይጨምራል። «አገሩ ደህና ነው? ቤተሰብ ደህና?» ይቀጥላል። ብስክሌተኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» ሊል አፉን ይከፍትና «እግዚ» ላይ ትንፋሹ ያልቃል። ቀሪውን ከሚቀጥለው ኩርባ ላይ፣ ምንም ላልጠየቀው ሰው ይጨርሰዋል። ሦስተኛው የዝምታ ዳገት ነው። እዚህ ላይ ከአፍ የሚወጣ ነገር የለም፤ ብስክሌተኛው ወርዶ ይገፋል። ሥራው በመዝገባችን ላይ አሁንም «ብስክሌት መንዳት» ተብሎ ሰፍሯል።

ቁልቁለትን ለብቻው አልመደብነውም። ላስታ ውስጥ ቁልቁለት ብድር ነው፤ ሲበደሩት ነፋሱ ደስ ይላል፣ ሲመልሱት ከነወለዱ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚያወርደው አቅጣጫ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የሚገኘው ነአኩቶ ለአብ ነው። ነአኩቶ ለአብ የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ እንደሆነ የሚነገርለት የዛጉዌ ንጉሥ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ዋሻ ውስጥ ተሠርቷል። ከዋሻው ጣሪያ ጸበል ጠብ ጠብ እያለ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ውስጥ ይጠራቀማል። በጥናታችን እንዳረጋገጥነው በላስታ ወርዶ ተመልሶ የመውጣት ዕዳ የሌለበት ይህ ውሃ ብቻ ነው። ብስክሌተኛው ጸበሉን ጠጥቶ፣ ብራናውንና መስቀሉን አይቶ፣ ፊቱን ወደ ከተማው ሲያዞር አበዳሪው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

የጥናታችን እምብርት የሆኑት ገፊዎች የሚገኙት በዚህ መልስ ጉዞ ላይ ነው።

ገፊ ማለት ብስክሌት ዳገት ላይ ሲያቃስት ሰምቶ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከኋላ የሚከሰት ልጅ ነው። ኮንጎ ጫማ አድርጓል፤ ደብተሩን ብብቱ ስር ሸጉጧል፤ አይተነፍስም። እየሮጠ ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ ከየት ነው የመጣኸው? ጋሼ፣ ይቺ ስንት ብር ናት? ጋሼ፣ መኪና ለምን አልገዛህም?» የመጨረሻውን ጥያቄ የከበዱ ሊቃውንትም አልመለሱትም። ከገፊዎች መካከል ኮርቻ ገፊ አለ፣ ጀርባ ገፊ አለ፣ ደወል ከመንካት በቀር ሌላ አስተዋጽኦ የሌለው ደወል ነኪም አለ። በነዚህ አናደክማችሁም። ሊቃውንትን የሚያጨቃጭቀው ተንጠልጣይ የሚባለው ዓይነት ነው።

ተንጠልጣይ ለዓይን ከገፊ አይለይም። የኋላውን ዕቃ መጫኛ በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ጥርሱን ነክሷል፤ ፊቱ ቀልቷል፤ «አይዞህ ጋሼ! በርታ!» ይላል። መላ አካሉ እየገፋ ነው፤ ክንዶቹ ብቻ እየጎተቱ ናቸው። ብስክሌተኛው ወደ ኋላ መዞር ስለማይችል ለረጅም ጊዜ ሲያመሰግነው ኖሯል። ይህን ስሕተት ለማረም አንድ ፈተና ቀርጸናል፤ ፔዳል መምታት ለአፍታ ያቁሙ። ብስክሌቱ ከቀጠለ ገፊ አለ። ከቆመ ተንጠልጣይ ነው። ወደ ኋላ መሄድ ከጀመረ ተንጠልጣዮቹ ሁለት ናቸው።

ተንጠልጣዩ ለምን እንደሚንጠለጠል ሁለት አስተሳሰቦች አሉ። አንደኛው፣ እየገፋ እንደሆነ ከልቡ ያምናል ይላል። ሁለተኛው ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ የሚወስደው ሌላ ትራንስፖርት እንደሌለ ያስታውሳል፤ ማስረጃውም ተንጠልጣይ የሚለቀው ዳገቱ ሲያልቅ ሳይሆን ቤቱ ሲደርስ መሆኑ ነው። እኛ ሁለተኛውን እንደግፍ ነበር። ይሁንና አንዱን ለቆ ወደ ቤቱ ሲታጠፍ ላቡን በእጅጌው ሲጠርግ አይተነዋል፤ ለእናቱም «እንግዳውን አወጣሁት» ሲል ሰምተናል። ከዚያ ወዲህ አቋማችን ተናግቷል። ገፊና ተንጠልጣይ በአንድ መጫኛ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ማን ገፋ ማን ተንጠለጠለ በሚል ክርክር ይነሳል፤ ክርክሩ ሲጦፍ ሁለቱም ብስክሌቱን ይለቃሉ፤ ብስክሌተኛው በዕለቱ በፍጥነት የሄደባት ደቂቃ ያቺ ናት።

ቅዳሜ ተንጠልጣይ አይገኝም። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነውና መጫኛው ለዘንቢል ይፈለጋል። «የኔ ልጅ፣ ይቺን ታህል ያዝልኝ» ይሉና እማማ ሸክማቸውን አስረክበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀድመው ይወጣሉ። ከላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ሲደርስ አዝነው ያዩታል። ለገና ሰሞን ደግሞ ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣው ምእመን መንገዱን ይሞላዋል፤ ሳምንታት የተጓዘ ሽማግሌ በዱላው እየተደገፈ ብስክሌት የሚገፋውን ጎልማሳ ያልፈውና «ምነው ልጄ፣ ታመመች እንዴ?» ብሎ ስለ ብስክሌቷ ይጠይቃል።

የውጭ አገር ብስክሌተኞች ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ውስጥ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ አይጠፋም። ያንን ዓይነት ለእነርሱ ትተናል፤ የገፋ እጅ ሲወረውር እኛ አላየንም፣ የተንጠለጠለውም እጁ ሥራ ላይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ኩርባ አመልካቾችን፣ ጎማ ሲተነፍስ ከበው የሚመክሩ ሽማግሎችንና በአንድ ፉጨት መንደር የሚጠሩ ጠሪዎችን በየወገናቸው ልንመድብ አስበን ነበር። ዳገቱ ግን ገና አላለቀም፤ የጥናቱን ሰነድ የያዘልንም ልጅ ቤቱ ደርሷል።

ወደ ላስታ በብስክሌት ለምትሄዱ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ እናክላለን። ተንጠልጣይን ለመከላከል የኋላ ዕቃ መጫኛውን ፈትታችሁ እንዳትሄዱ። መጫኛ ያጣ ተንጠልጣይ ሸሚዝ ይይዛል። ስለዚህ መጫኛው ይኑር፤ ሸሚዙም ለማንኛውም ስፌቱ ጠንካራ ይሁን።